ቆሽቱ የተቆጣ፣ ጉበቱም የታመመ ሰው ይብላ ወይስ ሆዱ ባዶ ይቆይ?

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ ታላቅ ወንድሜ 46 ዓመቱ ነው። የጉበት ቫይረስ ቢ አለበት፤ ከሁለት ዓመት በፊት ጉበቱ ጠጥሯል ተባልን። እግሩ ያብጣል፣ ሆዱም ውሃ ይቋጥራል። በዚህ ሳምንት ከእምብርቱ በላይ ጀምሮ ጀርባው ድረስ የሚወጋ ሕመም ያዘውና ሆስፒታል አስገባነው። የሐሞት ጠጠር ወርዶ ቆሽቱ ተቆጥቷል አሉን። ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው። በአፉ ምንም እንዳይገባ ተብሎ በግሉኮስ ብቻ ነው ያለው። አሁን ሕመሙ ቀለል ብሎለታል፣ ራበኝ ይላል። እናታችን አጥሚት በቅቤ ሠርታ ታመጣለች፣ እኔ እመልሳታለሁ። አንዱ ነርስ ደግሞ ‹ሲጀምርም እንቁላልና ሥጋ አይንካ፣ ጉበቱ አይችልም› አለን። ማታ ማታ ትንሽ ይዘባርቃል። ምን እናድርግ?»

መልስ፦ እህቴ፣ እግዜር ይማርልሽ።

አጭሩን ላስቀድም። ወንድምሽ መብላት አለበት። ሕመሙ ከቀለለለት፣ ካላስመለሰው፣ ሆዱ ካልተነፋ፣ ደግሞም በገዛ አፉ ራበኝ ካለ፣ አራት ቀን ሙሉ ባዶ ሆዱን የሚያቆየው ምክንያት ብዙ ጊዜ አይኖርም። ግን እኔ በሽተኛውን አላየሁትም፤ የሚያክሙት ሐኪሞች አይተውታል። ስለዚህ ተደብቀሽ አታብይው። ምናልባት ለዛሬ ወይም ለነገ የሐሞት ቱቦውን በመሣሪያ ሊከፍቱለት ቀጠሮ ይዘውለት ይሆናል፤ ለዚያ ሆዱ ባዶ መሆን አለበት። ወይም አንጀቱ መንቀሳቀስ አቁሞ ይሆናል። ራውንድ ሲመጡ ፊት ለፊት ጠይቂያቸው፦ «እስካሁን ያልበላው ለምንድን ነው? መቼ ይጀምራል? በአፉ ካልቻለስ በቱቦ ለምን አይመገብም?» ይሄ መብትሽ ነው፤ ጥሩ ሐኪምም አይቀየምበትም።

«ቆሽቱ ይረፍ» የሚለው ትእዛዝ ከየት መጣ? ቆሽት ምግብ የሚፈጭ ፈሳሽ ያመነጫል። ሲቆጣ ያ ፈሳሽ እዚያው ራሱን ቆሽቱን ማብላላት ይጀምራል። እንግዲህ ምግብ ካልገባ ፈሳሹ ይቀንሳል፣ ቆሽቱም ያርፋል ተብሎ ታሰበ። ሲያዩት ምክንያታዊ ነው። ለብዙ አሥርት ዓመታትም ሐኪሞች ሁሉ የተማርነው ይህንኑ ነበር። በኋላ በበሽተኞች ላይ ሲፈተን ግን ነገሩ ተገለበጠ። አንጀት ባዶውን ሲቀመጥ ግድግዳው ይሳሳል። አንጀት ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች በሳሳው ግድግዳ ሾልከው ይወጡና የተጎዳው ቆሽት ላይ ይሰፍራሉ። በዚህ በሽታ ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ ሰው የሚሞተው በአብዛኛው በኢንፌክሽን ነው። ስለዚህ አሁን የአሜሪካም የአውሮፓም መመሪያዎች የሚሉት ተመሳሳይ ነው፦ በሽተኛው እንደቻለ ሳይዘገይ በአፉ ይጀምር፤ የአሜሪካው እንዲያውም በ24 ሰዓት ውስጥ ይላል። የደም ምርመራው፣ ማለትም ሊፔዝ የሚባለው፣ እስኪወርድ መጠበቅም አያስፈልግም። ሊፔዝ በሽታውን ለመለየት ነው የሚጠቅመው፤ ለመብላት ፈቃድ ሰጪ አይደለም። «ሊፔዙ ገና 600 ነው፣ አይብላ» የሚሉሽ ካሉ በትሕትና ይህንን ጠይቂ።

መጀመሪያ ውሃ፣ ከዚያ ሾርባ፣ ከዚያ ለስላሳ፣ ከዚያ ጠጣር የሚባለው ደረጃም የግድ አይደለም። ቅባቱ አነስተኛ የሆነ ለስላሳ ምግብ ከመጀመሪያው ቀን መስጠት ይቻላል።

ጉበቱ በደህና ላለ ሰው ሦስት አራት ቀን አለመብላት ከባድ ነው፣ ግን ያልፋል። ወንድምሽ ግን እንደዚያ አይደለም። ጤነኛ ጉበት እንደ ጎተራ ነው፤ ቀን የተበላውን ስኳር አከማችቶ ሌሊት እየቀነሰ ያወጣል። የጠጠረ ጉበት ጎተራው ጠቦበታል። ማታ በልቶ የተኛ የጉበት በሽተኛ ሌሊቱን ሳይነጋ ያለቀበታል። ከዚያ በኋላ ሰውነቱ የሚያቃጥለው የራሱን ስብና ጡንቻ ነው። በ1983 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) የታተመ አንድ ጥናት ይህንን ለክቶት፣ አንድ ሌሊት ያልበላ የጉበት መጠጠር ያለበት ሰው ሰውነት ሁለትና ሦስት ቀን እንደራበው ጤነኛ ሰው ሆኖ አግኝቶታል። እንግዲህ አራቱን ቀን በዚህ ሒሳብ አስቢው።

«ግሉኮስ እየወረደለት ነው እኮ» ትይኝ ይሆናል። ቤተሰብ ሁሉ ግሉኮሱን ሲያይ ይጽናናል። እስቲ ላስላልሽ። ከማንጠልጠያው ላይ ያለው አንድ ሊትር ባለ 5 በመቶ ግሉኮስ ውስጥ 50 ግራም ስኳር አለ። ይሄ ከ200 ካሎሪ አይበልጥም። ሦስት ሊትር በቀን ቢሰጠው እንኳ 600 አይሞላም። ወንድምሽ የሚያስፈልገው ወደ 1,800 አካባቢ ነው። ፕሮቲን ደግሞ ከዚያ ከረጢት ውስጥ ዜሮ ነው። ፈሳሹ ለደም ዝውውሩና ለኩላሊቱ ነው እንጂ ቀለብ አይደለም። ሆዱ ውሃ ለሚቋጥር ሰው ፈሳሽ ሲበዛ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። በ2022 የወጣ ትልቅ ሙከራ፣ ጉበታቸው ደህና በሆኑ የቆሽት ሕመምተኞች ላይ እንኳ ፈሳሽ በገፍ መስጠት ጥቅም ሳያመጣ ሰውነትን በውሃ እንደሚያጥለቀልቅ አሳይቷል። ስለዚህ የሽንቱ መጠን ይመዝገብ፣ እግሩም ሆዱም በየቀኑ ይታይ።

አሁን ወደ ነርሱ ንግግር ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም በአገራችን በጉበት በሽተኞች ላይ የሚደርሰው ትልቁ የምግብ ጥፋት ይሄ ይመስለኛል። «ጉበት ከታመመ ፕሮቲን ክልክል ነው» የሚለው የድሮ ትምህርት ነው። ሐሳቡ እንዲህ ነበር፦ ፕሮቲን ሲፈጭ አሞኒያ ይወጣል፤ የታመመ ጉበት አሞኒያውን ማጽዳት ያቅተዋል፤ አሞኒያው ወደ አንጎል ሄዶ ሰውየው ይዘባርቃል። ታዲያ ጡንቻም አሞኒያ ያጸዳል። ሰውየውን ሥጋና እንቁላል ስትከለክይው ጡንቻው ይሟሽሻል፤ ጡንቻው ሲሟሽሽ አሞኒያው የባሰውን ይከማቻል። በ2004 የስፔን ሐኪሞች ግራ የተጋቡ የጉበት ሕመምተኞችን ለሁለት ከፍለው ለአንደኛው ወገን ፕሮቲን ቀንሰው፣ ለሌላው በወጉ ሰጥተው አይተዋል። የተከለከሉት ከመዘባረቃቸው ቶሎ አልነቁም፤ የገዛ ጡንቻቸው ግን ይበልጥ ሲፈርስ ታይቷል። ስለዚህ ዛሬ የሚመከረው በኪሎ ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን በቀን ነው። ይሄ ለጤነኛ ሰው ከሚመከረው ይበልጣል።

በየትኛው ኪሎ እናሰላለን? ሚዛኑ ላይ የሚታየው ኪሎ ውሃውንም ጨምሮ ነው። ወንድምሽ ሚዛን ላይ 68 ቢሆን፣ የሆዱ ውሃ መካከለኛ ከሆነ 10 በመቶ፣ እግሩ ስላበጠ ሌላ 5 በመቶ እንቀንሳለን። ወደ 58 ኪሎ ይመጣል። ለአንድ ኪሎ 30 ካሎሪ ብለን 58ን በ30 ስናባዛ 1,740 ካሎሪ፤ ፕሮቲኑ ደግሞ ከ70 እስከ 87 ግራም። 70 ግራም ፕሮቲን ምን ያህል ነው? አንድ ሙሉ እንቁላልና የሁለት እንቁላል ነጭ 13 ግራም አካባቢ ይሆናል። አንድ ኩባያ የተቀቀለ ምስር 18። መዳፍ የምታክል ቆዳዋ የተገፈፈ የዶሮ ሥጋ 25 እና ከዚያ በላይ። ሁለት ብርጭቆ ወተት 16። ይኸው ሞላ። እንጀራውና ዳቦው የሚጨምሩት ሳይቆጠር ማለት ነው። ብዙ አይደለም፤ ግን በአንድ ቀን በሁለት ገበታ አይገባለትም። ስድስት ጊዜ፣ ትንሽ ትንሽ።

የእናትሽን አጥሚት ከእንግዲህ አትመልሺው። ቅቤው ብቻ ይቅር። አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ 12 ግራም ያህል ቅባት አለው፤ እናቶች ደግሞ ለታመመ ልጅ በማንኪያ አይለኩም። የአጃው አጥሚት በማርና ስልባቦቱ በተነሣ ወተት ቢሠራ ለወንድምሽ የመጀመሪያ ቀን ጥሩ ምግብ ነው። ወተቱን አፍልታችሁ አቀዝቅዙትና ከላይ የሚንሳፈፈውን ስልባቦት አንሱት፣ በቃ። ቅንጬ ያለ ቅቤ፣ ሩዝ፣ ድንች ቅቅል፣ ሙዝ፣ በደንብ የበሰለ ቀጭን ሽሮ፣ የምስር ሾርባ፣ እንቁላል ቅቅል፣ ዓሣ በእንፋሎት፣ ቅባቱ የተነሣለት የዶሮ መረቅ ከነሥጋው። መረቁን ብቻ ጠጥቶ ሥጋውን አስታማሚው የሚበላው ልማድ አለ፤ ፕሮቲኑ ያለው ሥጋው ላይ ነው።

የጾም ምግብ ለቆሽት ደህና ነው ብለው የሚያስቡም አሉ። የምስርና የአተር ፕሮቲን የሚዘባርቅ የጉበት ሕመምተኛን ከሥጋ ይልቅ ይስማማዋል፤ ቃጫቸውም ሰገራ ያለሰልሳል። ግን የጾም ወጥ ዘይት ላይ የሚዋኝ ከሆነ ከቅቤው ምን ተሻለ?

ጨው በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ባይበልጥ ሆዱ ለሚቋጥረው ውሃ ይጠቅማል። ነገር ግን ጨው ቀንሰሽ ምግቡን አልቀምስም ካለሽ፣ ትንሽ ጨው ይኑረውና ይብላ። እኔ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል መብላቱን እመርጣለሁ።

በአፉ ሞክሮ ካልቻለስ? ከበላ በኋላ ሕመሙ ከተመለሰ ወይም ካስመለሰው፣ ወይም ከሚያስፈልገው ግማሹን እንኳ መብላት ካልቻለ፣ በአፍንጫ በሚገባ ቀጭን ቱቦ መመገብ ነው ቀጣዩ መንገድ። ቤተሰብ ቱቦ ሲባል ይደነግጣል፤ «አበቃለት ማለት ነው?» ይላል። አይደለም። ቱቦው ጨጓራ ላይ ቢያርፍም ለአብዛኛው በሽተኛ ይሠራል፤ ምግቡ ጨጓራ ውስጥ እየቀረ ካስቸገረ ወደ ትንሹ አንጀት ይወርዳል። በ2014 የኔዘርላንድ ሐኪሞች ከ200 በላይ በሽተኞች ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ ገና በመጀመሪያው ቀን ቱቦ አስገብቶ መመገብና ሦስት ቀን ጠብቆ በአፍ መሞከር ውጤታቸው አንድ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ለሁሉም ሰው ቱቦ አያስፈልግም። ግን ያ ጥናት ለጠጠረ ጉበት ተብሎ የተሠራ አይደለም፤ ጎተራው ለጠበበ ሰው እኔ ሦስት ቀን አልጠብቅም።

አንድ የተለመደ ስጋት አለ። የጉበት ሕመምተኞች ጉሮሮ ውስጥ የተወጠሩ የደም ሥሮች ይኖራሉ፤ ቱቦው ይበጥሳቸዋል ተብሎ ይፈራል። እየደሙ ወይም ሰሞኑን ደምተው በመሣሪያ የታሰሩ ካልሆኑ በቀር ቱቦ ማስገባት አይከለከልም። የማይመከረው ሆድ ተበስቶ ጨጓራ ውስጥ የሚተከለው ቱቦ ነው፤ ሆዱ ውሃ ላለው ሰው አደገኛ ነው። በደም ሥር የሚሰጥ ሙሉ ምግብ ደግሞ አንጀቱ ፈጽሞ እምቢ ሲል የሚመጣ የመጨረሻ አማራጭ ነው። ኢንፌክሽን ያመጣል፣ ስኳር ያናውጣል፣ ዋጋውም አይቀመስም።

የፋብሪካው የቱቦ ምግብ ካልተገኘ ቤት ተፈጭቶ ተጣርቶ የሚመጣ ምግብ ብዙ ቦታ ይሰጣል። ከሆነ በንጹሕ ዕቃ ይሠራ፤ ሲሰጠው ደግሞ የአልጋው ራስጌ ከፍ ይበል። ከጠዋት የተሠራውን ክፍል ውስጥ አስቀምጦ ማታ መስጠት አይቻልም። አንጀት ለማለስለስ ተብሎ የሚሸጥ የባክቴሪያ እንክብልም አትግዙ። በ2008 ኔዘርላንድ ውስጥ በጠና የታመሙ የቆሽት በሽተኞች ላይ ሲሞከር፣ ከወሰዱት 16 በመቶ፣ ካልወሰዱት 6 በመቶ ሞተዋል።

ሌላ ሐኪሞቹ ሊያስቡበት የሚገባ ነገር አለ፤ ቢረሱት አስታውሺያቸው። ለቀናት ያልበላ፣ ከበፊቱም የከሳ ሰው ድንገት ብዙ ሲመገብ ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም የሚባሉት የደሙ ማዕድናት በአንድ ጊዜ ይወርዳሉ። ልብና ትንፋሽ ይናጋሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ከሚያስፈልገው ግማሽ ያህል ይበቃዋል፤ በሁለት ሦስት ቀን ይሞላል። የሚጠጣ ሰው ከሆነ ወይም በጣም ከከሳ ቫይታሚን ቢ1 ይቅደም፣ ከግሉኮሱም ከምግቡም በፊት።

ማታ ማታ የሚዘባርቀውን ጉዳይ ቸል አትበይው። «ሕመሙ ነው» ተብሎ ይታለፋል። እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ መኪና እንደሚያስቆም ሰው መዳፉን ቀና እንዲያደርግ ጠይቂው፤ እጁ እየተቆራረጠ ወደ ታች ወደቅ ወደቅ ካለ ለሐኪም ወዲያው ንገሪ። ቀን የሚተኛና ሌሊት የማይተኛ ከሆነም እንዲሁ። መጀመሪያ ጣቱ ተወግቶ ስኳሩ ይለካ፤ ያልበላ የጉበት በሽተኛ ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ሰገራው ይጠየቅ። የሕመም ማስታገሻዎቹ ትራማዶልም ሆነ ሞርፊን ሰገራ ያደርቃሉ፤ ሰገራ ሲደርቅ አሞኒያ ይከማቻል። ላክቱሎስ የሚባለው ሽሮፕ በቀን ሁለት ሦስቴ ለስላሳ ሰገራ እስኪያስወጣው ይሰጠዋል። ሆዱን በጣም ከነፋው መጠኑ ይስተካከል እንጂ አይተው።

ለሕመሙ ዳይክሎፌናክ መርፌ ከታዘዘለት «ጉበቱ ጠጥሯል፣ ሆዱም ውሃ ይቋጥራል» ብለሽ አስታውሺ። በእሱ ሁኔታ ላይ ኩላሊት ሊያቆም ይችላል። ፓራሲታሞል በቀን እስከ 2 ግራም፣ ማለትም ባለ 500ው አራት ፍሬ፣ ይችላል። ብዙ ሰው ተገላቢጦሹን ነው የሚያምነው፤ ፓራሲታሞልን ፈርቶ ዳይክሎፌናኩን ይወጋል።

ደግሞ የቫይረሱን መድኃኒት ጠይቂ። ቴኖፎቪር ይወስድ ከነበረ፣ «በአፍ ምንም» ተብሎ ስንት ቀን ተቋረጠ? እሱ ሲቋረጥ ቫይረሱ ተነሥቶ ጉበቱን እንደገና ሊያነደው ይችላል። ሐኪሙ ከፈቀደ በጥቂት ውሃ ይዋጣል።

ቤት ሲገባ የሚለወጠው ዋናው ነገር ሰዓቱ ነው። ማታ 1 ሰዓት በልቶ ጠዋት 2 ሰዓት ቁርስ የሚበላ ሰው 13 ሰዓት ጾመ ማለት ነው። ለእሱ ይሄ ይበዛል። ከ3 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ሊተኛ ሲል፣ ሌላ ምግብ ይጨመር፦ ሁለት ቁራጭ ዳቦ፣ አንድ ሙዝና አንድ ብርጭቆ ወተት ይበቃል። ኒውዚላንድ ውስጥ ለአንድ ዓመት የተካሄደና በ2008 የታተመ ጥናት፣ ያንኑ ተጨማሪ ምግብ ቀን ከወሰዱት ይልቅ ማታ የወሰዱት የጉበት ሕመምተኞች ወደ ሁለት ኪሎ የሚጠጋ ጡንቻ መልሰው እንዳገኙ አሳይቷል። ምግቡ ያው ነው፤ የተለወጠው የሚበላበት ሰዓት ነው።

ጾሙስ? ማታ 2 ሰዓት የበላ ሰው እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ከቆየ 19 ሰዓት ነው። ወንድምሽ ይህንን አይችልም። ጸበል ቦታ ሄዶ ሳይበሉ መዋልም እንዲሁ። ረመዳን ለሚጾም ሰው ምክሬ አይለይም። ከሥጋና ከቅቤ መታቀቡ ለጤናው አይጎዳም፤ በምስርና በአተር እስከተተካ ድረስ። ስለዚህ ለንስሐ አባቱ «አልጾምም» ሳይሆን «ሰዓቱን ነው ሐኪም የከለከለኝ» ብሎ ቢያስረዳ ያግባባቸዋል። እኔ የማውቃቸው ካህናት ለታመመ ሰው ይፈቅዳሉ።

መጠጥ የለም። ጠላም፣ ጠጅም፣ አረቄም፣ «አንድ ቢራ ብቻ»ም። ጥሬ ሥጋ፣ ለብ ለብ ክትፎ፣ ያልፈላ ወተትና እርጎው ይቅሩ፤ የጠጠረ ጉበት ያለው ሰው ከእነሱ የሚይዘው ባክቴሪያ ደሙ ውስጥ ገብቶ ሊገድለው ይችላል። ለጉበት ተብሎ ከገበያ የሚገዛ ቅጠልና ሥርም እንዲሁ።

የሐሞት ከረጢቱ ነገር ገና ነው። ቆሽት በሐሞት ጠጠር ሲቆጣ ከረጢቱን ቶሎ ማውጣት ነው ልማዱ፤ አለዚያ ይደግማል። ጉበቱ በጠጠረ ሰው ላይ ግን ቀዶ ሕክምናው አደጋ አለው፤ ጉበቱ ምን ያህል እንደደከመ ተለክቶ ነው የሚወሰነው። ወንድምሽ ከሆስፒታል ከመውጣቱ በፊት «ቀዶ ሕክምናው መቼና በማን?» የሚለውን ጥያቄ አስመልሺ።

ከዚህ በኋላ በሳምንት አንዴ፣ በአንድ ሚዛን፣ ጠዋት ሽንቱን ከሸና በኋላ መዝኚው። ኪሎው ድንገት ከጨመረ ውሃ ነው። ሰገራው የሚያብረቀርቅ፣ ሽታው የሚከብድ፣ ውሃ ሲደፋበት የማይሄድ ቅባታማ ከሆነ ቆሽቱ ቅባት መፍጨት አቅቶታል ማለት ነው፤ ከምግብ ጋር የሚዋጥ የኢንዛይም እንክብል አለ። የስኳር ምርመራም በሦስት ወር ውስጥ ይደረግለት። ጥቁር ሰገራ፣ ደም ማስመለስ፣ ትኩሳት፣ የሽንት መቀነስ ወይም መዘባረቁ ከጨመረ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፤ በዚያው ሌሊት ይዘሽው ሂጂ።